የአሮጌ ኦቶሞቢል ጢስ ምን ይናገራል?

አሮጌ ኦቶሞቢል ያለው ቤተ ሰብ፥ ከቤቱ ሰዎች ላይ አንድ አፍ እንደ ጨመረ አድርጎ ሊቈጥረው ይገባል። እንደ ሰው ይበላል፥ እንደ ሰው ይጠጣል፥ እንደ ሰውም ይታመማል፤ በታመመም ጊዜ የቤቱ ገንዘብ አስቀድሞ የሚወጣው ለርሱ ነው። ከሕመሙም ሁሉ ባለቤቱን አብልጦ የሚያስደነግጠው ከኋላው የሚወጣው ጢስ ነው። ጎረቤት ያየዋል፤ መንገደኛ አፍንጫውን ይዞ ይሸሻል፤ የትራፊክ ፖሊስ ያስቆመዋል። ስለዚህ ባለቤቱ ጢሱን ባየ ጊዜ ልቡ ይሸበርና፥ መጀመሪያ ላገኘው ባለ ጋራዥ እጁን ይሰጣል። ዛሬ በዚህ ዐምድ የምንጽፈው፥ የጢስ ዐይነቱ ስንት እንደ ሆነ፥ እያንዳንዱም ምን እንደሚያመለክት፥ ገንዘብ ከመውጣቱም አስቀድሞ በቤት ሊመረመር የሚቻለው ምን እንደ ሆነ ነው።

ነገሩ ከቀድሞ ይልቅ ዛሬ ሊታሰብበት የሚገባ ሆኗል። በ2016 ዓመተ ምሕረት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የግል ኦቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፥ አሮጌውን ጥሎ በመሰሉ መተካት ለብዙ ሰው ቀላል ነገር አልሆነም። እንግዲህ በእጅ ያለውን ጠብቆ ማኖር ከቤት አስተዳደር አንዱ ክፍል ነው።

እኔ ሞያዬ የፍርድ ቤት ጽሕፈት እንጂ የሞተር ሥራ አይደለም። ይህን ለመማር ያስገደደኝ በዘመዶቼ ቤት የደረሰ ነገር ነው። የታናሽ እኅቴ ባል በአዲስ አበባ ከተማ በላዳ ታክሲ ሲሠራ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ላዳ የተባለው ይህ ኦቶሞቢል ሥሩ የኢጣልያው ፊያት 124 ነው፤ በሶቪየት ኅብረት በቶልያቲ ከተማ መሠራት የጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ሲሆን፥ ያ የቀድሞው ዐይነት ሥራው ፈጽሞ የቆመው በ2012 ነው። ስለዚህ ከነርሱ ወጣት ነው የሚባለው እንኳ ዛሬ ዐሥር ዓመት አልፎታል፤ የአማቼ ግን ከልጆቹ ሁሉ የሚበልጥ ሽማግሌ ነው።

ባለፈው ክረምት ኦቶሞቢሉ ሰማያዊ ጢስ ማውጣት ጀመረ። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰደው። ሠራተኛው አራቱን ካንዴላ ነቅሎ የጭምቀት መለኪያውን በየቀዳዳው አገባና፥ በአራቱም ሲሊንደር ከ8 ጥቂት ከፍ ያለ ቍጥር አገኘ። «የሠሪው መጽሐፍ ከ10 እንዳያንስ ይላል፤ ያንተ 8 ነው። ሞተሩ አልቋል። ወርዶ ይከፈት፤ ሲሊንደሩ ይቈረጥ፤ ፒስተኑና ፋሻው ይለወጥ» ብሎ ፈረደ። የጠየቀውም ዋጋ በቤቱ የማይገኝ ነበር። እኅቴ የሠርጓን የወርቅ ሐብል ከሣጥን አወጣች፤ ያም ስላልበቃ በዚያው ማታ ሁለቱ ብድር ሊጠይቁ ወደ ቤቴ መጡ።

እኔም፦ «ለመሆኑ ጢሱ የሚወጣው መቼ መቼ ነው?» ብዬ አማቼን ጠየቅሁት።

«ሁልጊዜ ነው መሰለኝ፥ ጋሼ» አለኝ።

በሥራዬ ቦታ ምስክር ቀርቦ «መሰለኝ» ያለ እንደ ሆነ ቃሉ ብዙ አይረዳም። ስለዚህ ገንዘቡን ከመስጠቴ በፊት፥ አንድ ሳምንት ኦቶሞቢሉን እንዲጠብቅና ያየውን በደብተር እንዲጽፍ ለመንሁት። በዚያ ሳምንት እኔም ከሚያውቁ ሰዎች እየጠየቅሁ የተማርሁትን ለአንባቢዎቻችን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ሞተር በሦስት ፈሳሽ ይኖራል፤ ይኸውም ነዳጅ፥ ዘይትና ውሃ ነው። ነዳጁ በሲሊንደር ውስጥ ከአየር ጋራ ተቀላቅሎ ይነዳል፤ ዘይቱ ብረት ብረትን እንዳይበላው ያለሰልሳል፤ ውሃው ሙቀቱን ተቀብሎ ወደ ራዲያተሩ ይወስዳል። ሦስቱ በየክፍላቸው ሲኖሩ ሞተሩ ጤነኛ ነው። አንዱ ድንበሩን አልፎ ወደ እሳቱ የገባ እንደ ሆነ ግን በጢሱ ይታወቃል። ውሃ ሲገባ ጢሱ ነጭ፥ ዘይት ሲገባ ሰማያዊ፥ ነዳጅ ከመጠን ሲያልፍ ጥቍር ይሆናል። ዳሩ ግን ቀለም ብቻውን አይበቃም። «ቀለሙ ምንድር ነው? የሚወጣው መቼ ነው? ከሦስቱ ፈሳሾች የጐደለው የትኛው ነው?» የሚሉት ሦስቱ ጥያቄዎች አንድ ላይ መልስ ሊያገኙ ይገባል።

ስለ ነጭ ጢስ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሞተር ሲነሣ ከኋላው ስስ ነጭ ጢስ መውጣቱ ሕመም አይደለም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ አንድ ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወልዳል፤ ያም እንፋሎት በቀዘቀዘው ማርሚታ ውስጥ ሲያልፍ ወደ ጠብታ ይለወጣል። ሞተሩ ሲሞቅ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጠፋል። የሚያሳስበው ሞተሩ ከሞቀ በኋላም እየወፈረ የሚወጣው ነጭ ጢስ ነው። ከዚሁ ጋራ የራዲያተሩ ውሃ የሚጐድል፥ በመሬት ላይም ያፈሰሰበት ምልክት የማይታይ እንደ ሆነ፥ ውሃው ወደ እሳቱ ክፍል እየገባ ነው። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ በሞተሩ አካልና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ፥ ማለት ጓርኒሲዮኑ፥ መቃጠሉ ወይም ቴስታታው መሰንጠቁ ነው። ውሃው ወደ ዘይቱም የደረሰ እንደ ሆነ፥ በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ወተት የተቀላቀለበት ቡና የመሰለ ነገር ይታያል። በመክደኛው ሥር ብቻ የምትታይ ጥቂት አረፋ ግን አጭር መንገድ ብቻ ከሚሄድ ኦቶሞቢል የምትገኝ ስለ ሆነች፥ ብቻዋን አታስፈርድም።

በከፍታ ላይ ለምንኖር ሰዎች አንድ የተለየ ነገር አለ። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፥ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከዚህ በላይ ሳይፈላ እንዲቈይ የሚያደርገው፥ የራዲያተሩ መክደኛ አጥብቆ የሚይዘው ግፊት ነው። መክደኛው የላላ እንደ ሆነ ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ቴስታታው ይጣመማል፤ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል። ስለዚህ በጥቂት ብር የሚለወጠውን መክደኛ ንቆ ማለፍ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ነገር ግን ሞተሩ ግሎ ሳለ መክደኛውን የሚከፍት ሰው ፊቱንና እጁን ስለሚያቃጥል፥ እስኪበርድ መታገሥ ግድ ነው። ደግሞም በራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ኩላንት ጣዕሙ የሚጣፍጥ መርዝ መሆኑን እናቶች ይወቁ፤ ዕቃውን ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ያኑሩ፤ የፈሰሰውንም ወዲያው በውሃ ያጥቡ። ነጭ ጢስ እየወፈረ የሚወጣበትን ሞተር ይዞ መንገድ መቀጠል አይገባም። ውሃ እንደ አየር አይጨመቅምና፥ በሲሊንደር ውስጥ የተጠራቀመ እንደ ሆነ የፒስተኑን ክንድ ሊያጣምመው ይችላል።

ስለ ሰማያዊ ጢስ። ይህ የሚቃጠል ዘይት ነው። ከቀለሙ ይልቅ ሰዓቱ ብዙ ነገር የሚያስረዳው በዚህ ነው። ወደ እሳቱ ክፍል ዘይት የሚገባበት ዋናው መንገድ ሁለት ነው፤ አንዱ ከላይ በቫልቮቹ ዙሪያ፥ ሁለተኛው ከታች በፒስተኑ ዙሪያ። በቫልቮቹ ግንድ ላይ ዘይት እንዳያልፍ የሚያግዱ ትንንሽ ጎሚኒዎች አሉ። እነዚህ ከዕድሜና ከሙቀት የተነሣ ደርቀው የተሰነጠቁ እንደ ሆነ፥ ሌሊት ሞተሩ ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ቀስ እያለ ይንጠባጠብና ጧት ሲነሣ አንድ ጊዜ ሰማያዊ ጢስ ቡልቅ ይላል፤ ከዚያም ይጠፋል። ደግሞ ረዥም ቍልቍለት ሲወርዱ፥ እግር ከነዳጅ መርገጫው ስለሚነሣ ሞተሩ አየር ያጥረዋል፤ ያን ጊዜ እንደሚጠባ ሕፃን ሆኖ ዘይቱን በቫልቮቹ ዙሪያ ይስባል። ከቍልቍለቱ በኋላ ነዳጅ ሲሰጡትም የሳበውን ሁሉ በጢስ ያወጣዋል።

ዘይቱ የሚገባው ከታች እንደ ሆነ ግን ነገሩ የከበደ ነው። ፒስተኑን የሚከቡት ቀለበቶች፥ ማለት ፋሻዎቹ፥ ተበልተዋል ወይም ሲሊንደሩ ሰፍቷል ማለት ነው። የዚህ ጢስ ጧት ብቻ የሚታይ አይደለም፤ ዐቀበት ሲወጡና ጭነት ሲበዛ ይብሳል። ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን መክደኛ ቢከፍቱት ከዚያ ጢስ እየተገፋ ይወጣል፤ ጕልበቱም ይደክማል። ከነዚህም ሌላ፥ ዘይት ከምልክቱ በላይ ስለ ተሞላ ወይም የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ስለ ተደፈነ ብቻ ሰማያዊ ጢስ ሊወጣ ይችላልና፥ አስቀድሞ እነዚህን ያለ ዋጋ መመልከት ነው።

ጢሱ ነጭ ይሁን ሰማያዊ ዐይን የተጠራጠረ እንደ ሆነ፥ ቀላል ፈተና አለ። አንድ ነጭ ወረቀት ከማርሚታው አፍ ጥቂት ራቅ አድርገው ይያዙ። ጠብታው ደርቆ ምልክት ያልተወ እንደ ሆነ ውሃ ነው፤ ቅባት ሆኖ የቀረ እንደ ሆነ ዘይት ነው።

ስለ ጥቍር ጢስ። ይህ ያልነደደ ነዳጅ የተወው ጥላሸት ነው። ነዳጁ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል። መጀመሪያ የሚታየው የአየር ማጣሪያው ነው፤ በአቧራ የተደፈነ እንደ ሆነ ሞተሩ እንደ ታፈነ ሰው ይሆናል። ቀጥሎ ጧት አየሩን የሚቀንሰው ቾክ ሳይከፈት ተይዞ መቅረቱ ይታያል። ከዚያ በኋላ ካርቡራቶሩ ይመረመራል። ካርቡራቶር ያለው አሮጌ ኦቶሞቢል ለቈላና ለባሕር ጠረፍ ተስተካክሎ ወደ አዲስ አበባ የወጣ እንደ ሆነ ጥቍር ማጤሱ አይቀርም። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናትና፥ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ካርቡራቶሩ ግን ነዳጁን በዚያው ልክ አይቀንስም። በናፍጣ የሚሄደው ደግሞ ጭነት በዝቶበት ወይም ነዳጅ የሚረጨው አፍንጫ ተበላሽቶ ጥቍር ያጤሳል፤ ጧት ገና ሳይሞቅ ዐይን የሚቈጠቍጥ ነጭ ጢስ ያወጣ እንደ ሆነም፥ ያ ውሃ ሳይሆን ያልነደደ ናፍጣ ነው።

ጥቍር ጢስ ከሁሉ የቀለለ ሕመም ነው ተብሎ ሊናቅ አይገባም። የበዛው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት ያጥበዋል፤ ወደ ታችም ወርዶ የሞተሩን ዘይት ያቀጥነዋል። ያን ጊዜ ብረት ብረትን ይበላል። ስለዚህ በአንድ ማጣሪያ ይድን የነበረው ጥቍር ጢስ፥ ዝም የተባለ እንደ ሆነ ከጊዜ በኋላ ሰማያዊ ጢስ ይሆናል።

ጢስ ስለሌለው ጢስ። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ዐይን የማያየው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከማርሚታ የሚወጣው ጥሩ መስሎ ሳለም አብሮ ሊወጣ ይችላል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ፥ ወይም የመኝታ ቤት መስኮት ባለበት ጠባብ ግቢ ሞተር እያሞቁ ማቆም ልጆችን እስከ መግደል ያደርሳል። በኦቶሞቢል ውስጥ ተቀምጠው ራስ የሚያዞር፥ የሚያቅለሸልሽ፥ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚል የሆነ እንደ ሆነ፥ መስኮቱን ከፍቶ ወዲያው መውረድ፥ ማርሚታውም መቀደዱን ማስመርመር ይገባል።

አሁን ወደ አማቼ ነገር እንመለስ። ሳምንቱ በተፈጸመ ጊዜ ደብተሩን ይዞ መጣ። እንዲህም ተጽፎ ነበር፤ «ጧት ሲነሣ ሰማያዊ፥ ወዲያው ጠፋ። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ወርጄ ነዳጅ ስሰጠው ሰማያዊ። ሰው ሞልቶ ዐቀበት ስወጣ ምንም የለም። ውሃ አልጐደለም። ዘይት ግማሽ ሊትር ጨመርሁ።» ሰባቱም ቀን በቃል ልዩነት ካልሆነ በቀር እንዲሁ ነበር።

ደብተሩን ይዘን በሞያቸው ወደ ታወቁ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድን። መነጽራቸውን አድርገው ሁሉን አነበቡና፥ ቀጥሎ የጭምቀቱን ነገር ጠየቁ። አማቼም የመጀመሪያው ጋራዥ የነገረውን ሁሉ ነገራቸው።

«ልጄ፥ ያ መጽሐፍ የተጻፈው ለየት አገር ነው?» አሉት።

«ለመስኮብ አገር ነዋ፥ አባቴ።»

«ያ ዝቅ ያለ ሜዳ ነው። ሞተር የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነው፤ እዚህ የሚያገኘው ደግሞ ሦስት አራተኛውን ነው። እዚያ 11 የሚያሳየው ሞተር እዚህ 8 ቢያሳይ ምን ያስደንቃል? አንተ መጽሐፉን ትተህ አራቱን እርስ በርሳቸው አስተያይ። ሦስቱ 8 ሆነው አንዱ 5 ቢሆን ኖሮ እኔም እፈራ ነበር።»

ይህን ብለው ሞተሩን አሙቀው ጭምቀቱን እንደ ገና ለኩ፤ አራቱም ተቀራራቢ ሆኑ። ከዚያም በእያንዳንዱ ካንዴላ ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ዘይት ጨምረው ሁለተኛ ለኩ። ፋሻው የተበላ እንደ ሆነ፥ የተጨመረው ዘይት ክፍተቱን ለጊዜው ይደፍንና ቍጥሩ ብዙ ከፍ ይላል። የአማቼ ሞተር ቍጥር ግን ጥቂት እንጂ ብዙ አልጨመረም። ፋሻው ደኅና ነበር። ከካንዴላዎቹም ሁለቱ በዘይት የረጠቡ ሲሆኑ፥ ሁለቱ ጤነኛ ካንዴላ እንደሚሆነው ቡናማ ነበሩ።

የላዳ ሞተር ቫልቮቹ ስምንት ናቸው። ሽማግሌው ቴስታታውን ሳያወርዱ፥ በካንዴላው ቀዳዳ ለስላሳ ዘንግ አግብተው ቫልቮቹ ወደ ታች እንዳይወድቁ ደገፏቸውና፥ ስምንቱን ጎሚኒ አንድ በአንድ ለወጡ። አውጥተው ያሳዩን አሮጌዎቹ ጎሚኒዎች እንደ ደረቀ ዳቦ ቅርፊት በጣት ይፈረፈሩ ነበር። ሥራው በአንድ ቀን ተፈጸመ፤ ዋጋውም በመጀመሪያ ከተጠየቀው ዐሥረኛውን አላከለም። በማግሥቱ ጧት ሞተሩ ሲነሣ ከኋላው ቆሜ ተመለከትሁ፤ ከስስ እንፋሎት በቀር ምንም አልነበረም።

የመጀመሪያው ሠራተኛ በክፋት አደረገው ለማለት አልደፍርም። መለኪያው የነገረውን አንብቧል፤ የመጽሐፉንም ቃል ጠቅሷል። የጐደለው ግን ጢሱ መቼ እንደሚወጣ አለመጠየቁ ነው። አማቼም ቢጠየቅ መልስ አልነበረውም፤ ጥፋቱ የሁለቱም ነው። በሌላ ቤት ደግሞ ያው ምርመራ ተደርጎ ፋሻው በእውነት ያለቀ ሆኖ ይገኝ ይሆናል። ያን ጊዜ ወፍራም ዘይት ወይም ጢስ የሚያስቀር መድኃኒት እየጨመሩ ነገሩን መሸፈን ዕዳን ከማቈየት በቀር ጥቅም የለውም፤ ገንዘብ አጠራቅሞ ሞተሩን ማስከፈት ይሻላል። እንዲህ ያለውን ሞተር በመድኃኒት አስክነው ለሽያጭ የሚያቀርቡ ሰዎች ስላሉም፥ አሮጌ ኦቶሞቢል የሚገዛ ሰው ሻጩ አስቀድሞ እንዳያሞቀው ይንገረው፤ ቀዝቅዞ ሳለ በፊቱ ይነሣ፤ ከዚያም ቍልቍለት ወርዶ ዐቀበት ይውጣበት።

እንግዲህ ለአንባቢዎቻችን የምንመክረው ይህ ነው። በኦቶሞቢሉ ውስጥ አንድ ትንሽ ደብተር ይኑር። በየሳምንቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ፥ በደልዳላ መሬት ቆሞ ሳለ የዘይቱና የውሃው ልክ ይጻፍበት፤ የተጨመረውም ነዳጅና የተሄደበት ኪሎሜትር አብሮ ይጻፍ። ጢስ የታየ እንደ ሆነ ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ ቀለሙ፥ የመንገዱም ዐይነት ይመዝገብ። ምርመራው ዋጋ ከሌለው ተጀምሮ፥ ጥቂት ዋጋ ወዳለው፥ በመጨረሻም ወደ ከባዱ ይሂድ። «ሞተሩ ይከፈት» የተባለ እንደ ሆነም፥ «ምን ስላየህ ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ማንም አይፈር። ጥሩ ባለሞያ ይህን ጥያቄ አይጠላም፤ ሽማግሌው መካኒክ እንዲያውም ደብተር ይዞ የመጣ ሰው ሥራቸውን በግማሽ እንደሚያቀልላቸው ነግረውናል።

በአማቼ ቤት ያ ደብተር እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። የምትጽፈው ግን እኅቴ ናት፤ እሑድ እሑድ ጧት መለኪያውን ዘንግ በጨርቅ ጠርጋ ራሷ ታነባለች። ሐብሏም ወደ ሣጥኑ ተመልሷል።